የሸምሱ ጥግ

ባለፈው ወር ቡታጅራ ውስጥ ሠርግ ተጠርቼ ተቀምጬ ሳለ፣ ሐጂ ኑሬ የሚባሉ የመስቃን ሽማግሌ በድንኳኑ ውስጥ ለነበረው ሰው ስለ እኔ አወሩ። "እውነት እንዴት እንደሚነገር ማወቅ የፈለገ ይህችን ሴት ይጠይቅ" አሉ። ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ሳህኔን አየሁ። ቤቴ እንደገባሁ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ።

ሐጂ ኑሬ የሚያውቁት የነገሩን ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ እኔና አንድ ሰው እናውቃለን፤ ምናልባትም ሦስተኛ ሰው ታውቃለች። እናንተ አታውቁኝም። ለማያውቀኝ ሰው መናገር ስለሚቀለኝ ለእናንተ ጻፍኩ።

አስካለ እባላለሁ፤ ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እዚሁ ቡታጅራ ነው። ከዚያ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ጥቂት ዓመት ሠርቼ አገባሁ። ባለቤቴ የበርበሬ ነጋዴ ነበር። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው መንገድ ላይ የቆርቆሮ መጋዘን ሠራ፤ ሲሞት ቁልፉ እኔ ዘንድ ቀረ። ወንድሞቹ "ሽጪውና አርፈሽ ተቀመጪ" አሉኝ። አልሸጥኩም። ነገሩ የሆነው ከሰባት ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ መጋዘኑን ለብቻዬ ስመራ አሥራ አንደኛ ዓመቴ ነበር።

የኛ አገር መጋዘን ምን እንደሆነ ላላየ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ገበሬው በርበሬውን በኅዳርና በታኅሣሥ ለቅሞ ያደርቃል። ቤቱ ውስጥ ቢያስቀምጠው ጭስ አለ፣ ከብት አለ፣ እርጥበት አለ። ስለዚህ በጋሪ ጭኖ ከተማ ያመጣውና ዋጋው እስኪደላደል መጋዘን ያሳድረዋል። ደረሰኝ የለም። የጆንያውን አፍ ባለቤቱ በራሱ ክር ይሰፋዋል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ክር አለው፣ የአሰፋፉም ዓይነት ይለያያል። የሌላ ሰው ክር አይነካም። ደግሞም እያንዳንዱ ቤተሰብ በመጋዘኑ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። አባት ያስቀመጠበት ቦታ ልጁም ያስቀምጥበታል። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ እንኳ፣ "በማን መጋዘን ነው የሚያስቀምጡት?" ብሎ የሚያጣራ ሰው አይጠፋም። መጋዘን የሚቀበለው ቤተሰብ የታመነ ቤተሰብ ነው ማለት ነው።

መጋዘን የማይቀበለው ማንን ነው? በርበሬውን ውሃ የሚያጠጣውን። ክብደት እንዲጨምር ዛላውን ውሃ የሚረጩ ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለ በርበሬ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ጎረቤቱንም ጆንያ ያበላሻል። የተያዘ ሰው ጆንያ ተነስቶ ከደጅ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ከዚያ በኋላ ከእንሴኖ እስከ ቡታጅራ ያለ መጋዘን ሁሉ "ቦታ የለንም" ይለዋል።

እኔ በዚህ ነገር የታወቅሁ ነበርኩ። ጆንያ ወዝወዝ አድርጌ በጆሮዬ ብቻ እለያለሁ። ደረቅ በርበሬ ይንኮሻኮሻል፤ የረጠበ ዝም ይላል። እኮራበት ነበር።

ሙኒራ የሸምሱ ሚስት ናት። ሸምሱ የመስቃን ገበሬ ነበር፤ ሰባት ስምንት ጆንያ ያመጣል፣ ከመጋዘኑ በስተኋላ በግራ በኩል ባለው ጥግ ይደረድራል። ቦታውን "የሸምሱ ጥግ" ነበር የምንለው። እሱ ሲሞት ሙኒራ በማሳው ላይ ቆመች። ሁለት ልጆች አሏት። የሸምሱ ወንድም ጀማል ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ "በርበሬ የሴት ሥራ አይደለም፤ ማሳውን እኔ ልያዘውና እህሉን ልስጣት" ይል ነበር። ሽማግሌዎቹ "አንድ ሁለት ዓመት እንያት" ብለው አቆዩት። ያ ዓመት ሁለተኛው ነበር።

በታኅሣሥ ሰባት ጆንያ ይዛ መጣች። አፋቸው በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል፤ የሸምሱ ክር ነው።

"አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ አስካለ። ቦታ አለዎት?"

"ለአንቺ አጣለሁ እንዴ?"

"እንግዲያው በሸምሱ ጥግ ያድርጉልኝ።"

የመጋዘኑ ጫኝና አውራጅ ከድር ጆንያውን ተሸክሞ ጥቂት ከሄደ በኋላ ቆም ብሎ አየኝ። ለምን እንዳየኝ አውቄያለሁ። በነሐሴ፣ "እትዬ፣ በሸምሱ ጥግ በኩል ግድግዳው ላይ የውሃ መውረጃ አያለሁ፤ ከቆርቆሮው አንድ ምስማር ሳይለቅ አልቀረም" ብሎኝ ነበር። እኔም "ከበልግ በፊት እናሠራዋለን" ብዬው ነበር። በጋው ገባ፣ ዝናቡ ቆመ፣ ረሳሁት። ረሳሁት ስል ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። አልፎ አልፎ ትዝ ይለኝ ነበር።

"ምን ቆመሃል? አስገባው እንጂ" አልኩት።

አስገባው።

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀድሞ መጣ። በየካቲት አጋማሽ ሌሊት ሌሊት ይጥል ጀመር። በወሩ መጨረሻ፣ ማክሰኞ ቀን፣ አንድ ገዢ ከአዲስ አበባ የጭነት መኪና ይዞ መጣ። ጠዋት ነው። ገበሬዎች ደጅ ላይ ተሰብስበዋል፤ ሙኒራም ከትልቋ ልጇ ከሀያት ጋር ቆማለች። ጀማልም አለ፤ እሱም በኔ መጋዘን ነው የሚያስቀምጠው። ገዢው አንዳንድ ጆንያ እያስከፈተ ያያል። ከድርን በርበሬው አፍንጫው ውስጥ እየገባ ያስነጥሰዋል።

"ሃያ ዓመት ሙሉ ታስነጥሳለህ፣ አይሰለችህም?" አለው አንዱ ገበሬ።

"አፍንጫዬን ጡረታ አስወጡልኝ ብያቸው፣ ዕድሜው አልደረሰም አሉኝ።"

ሰው ሳቀ። ገዢው ወደ እኔ ዞሮ፣ "ባለፈው ዓመት የወሰድኩት ደማቅ ቀይ በርበሬ የማን ነበር?" አለ።

"የሙኒራ ነው" አልኩ። ሙኒራ ነጠላዋን አስተካከለች።

ከድር ከድርድሩ አናት ላይ ያለውን ጆንያ አወረደ። እንደ ልማዴ ያዝ አድርጌ ወዘወዝኩት። ድምፅ የለውም።

ደግሜ ወዘወዝኩት። ገዢው እያየኝ ነው። ሙኒራ ክሩን እንድትፈታ ጠየቅኋት፤ ፈታችው። እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁ። ውስጡ ሞቋል። ያወጣሁት ዛላ እንደ ቆዳ ይታጠፋል፣ ጭራው ላይ ነጭ ሻጋታ አለ። ሁለተኛውን ጆንያ አስወረድኩ። እሱም ረጥቧል።

"ይኼ ምንድነው?" አለ ገዢው። "የእርስዎን መጋዘን ያመንኩት እንዲህ ያለ ነገር የለበትም ብዬ ነበር።"

እዚህ ላይ ልቁም። እጄ ያ ጆንያ ውስጥ በነበረበት ሰዓት አንድ ነገር አውቋል። እርጥበቱ በአንድ ጎን ነበር፤ በግድግዳው በኩል። ውሃ የተረጨ በርበሬ ዙሪያውን ነው የሚረጥበው። ይህን ለሌላው የማስተምር እኔ ነበርኩ። ግን ሃያ ሰው እያየኝ ነበር፤ ገዢውም "የእርስዎ መጋዘን" ብሎ ነበር።

"ሙኒራ" አልኩ፣ "ውሃ አጠጥተሽዋል።"

እሷ መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም።

"እኔ ነኝ ውሃ ያጠጣሁት?"

"ታዲያ ማን ያጠጣዋል?"

"ወላሂ፣ እትዬ አስካለ፣ አስፋልት ላይ ነው ያደረቅሁት። ሀያት ስትገለብጠው ነበር። ሲንኮሻኮሽ እርስዎም ታኅሣሥ ላይ ሰምተዋል።"

ሰምቻለሁ። በታኅሣሥ በጆሮዬ ሰምቼ፣ "ጎበዝ ነሽ" ብያታለሁ። አሁን ግን ፊቴን ወደ ገዢው አዞርኩ።

ጀማል ከኋላ፣ "በርበሬዋም እንደሷ ያለቅሳል" አለ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ሀያት ወደ እሱ ስትዞር እናቷ ክንዷን ያዘቻት።

"ከድር፣ ሰባቱንም አውጣው" አልኩ።

"የቀሩትን አምስቱን አናያቸውም?"

"አውጣው አልኩህ።"

ሰባቱ ጆንያ ከደጅ ተደረደረ። ገዢው ወደ ሌላ ሰው በርበሬ አለፈ፤ እኔም አብሬው አለፍኩ። ሙኒራ ጋሪ ለምና እስክታመጣ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ፤ መንገደኛው ሁሉ አየው። ከመሄዷ በፊት ወደ ውስጥ ተመለሰች። የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብላ መሬት ላይ የወደቀውን አረንጓዴ ክር አነሳች፣ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፣ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ሰው ተበትኗል፤ እኔ በሩን ከመዝጋቴ በፊት ወደ ውስጥ ገባሁ። ወደዚያ ጥግ የምሄድበት ሥራ አልነበረኝም፤ ግን ሄድኩ። ባዶው የእንጨት ርብራብ ላይ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ። ቀና አልኩ። ጠብታው ነጠላዬ ላይ ወደቀ፣ ቀጥሎ ግንባሬ ላይ። ግድግዳው ላይ ውሃው የወረደበት መስመር የሸምሱ ድርድር አናት እስከነበረበት ድረስ ጠቁሯል።

ከድር ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል። እሱም ቀና ብሎ አየ።

"ነገ ምስማር ግዛና ምታው" አልኩት።

"ምስማሩስ ይገዛል። ሴትዮዋስ?"

"እነግራታለሁ።"

"መቼ?"

"እነግራታለሁ አልኩ እኮ፣ ከድር።"

ረቡዕ ምስማሩን መታ። እኔ አልነገርኳትም። ሐሙስም አልነገርኳትም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ነበረኝ። ሠላሳ ያህል ቤተሰብ በርበሬውን እኔ ዘንድ አሳድሯል። "የአስካለ ጣሪያ ያፈሳል" ከተባለ በአንድ ቀን ጋሪ ይሰለፋል። ባለቤቴ የሠራው ስም፣ እኔ ያቆየሁት ስም ይወድቃል። የሷ ነገር በሳምንት ይረሳል፣ ቀስ ብዬ ለብቻዋ እነግራታለሁ፣ በርበሬዋንም እተካላታለሁ አልኩ። በእነዚያ ቀናት እህል አልቀነስኩም፣ እንቅልፍም አላጣሁም። ይህን የምጽፈው ከተሠቃየሁ በኋላ የተናገርኩ እንዳይመስላችሁ ነው።

ዓርብ ማታ በሩን ስንዘጋ ከድር አንድ ነገር ነገረኝ።

"ነገ ጠዋት ሽማግሌ ይቀመጣል። ጀማል ነው የጠራው። 'ሁለት ዓመት እንያት ብላችሁ ነበር፤ ይኸው አየናት፣ በርበሬ ውሃ አጠጥታ ቤተሰቡን አዋረደች' ብሏል። ማሳውን ይወስዳል።"

"ሽማግሌዎቹ ምን አሉ?"

"ምን ይላሉ? እትዬ አስካለ ናት ያየችው፣ እሷ አትሳሳትም ነው የሚሉት።"

ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ ሄድን፤ ከድር ልምጣ ሳይለኝ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጥርጊያው መንገድ ጭቃ ነበር። የሙኒራ ደጅ ላይ አምስት ሽማግሌዎች በአግዳሚ ተቀምጠዋል፣ ሐጂ ኑሬ መካከል ናቸው። ጀማል ቆሞ ያወራል። ሙኒራ ከቤቱ ጎን ሰሌን ላይ በርበሬ ትለቅማለች፤ የተበላሸውን ለብቻ፣ ደህናውን ለብቻ። ስብሰባው የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል ቀና አላለችም።

ወደ እሷ ሄድኩ።

"ሙኒራ፣ ለብቻሽ ላነጋግርሽ።"

"ምን ሊሉኝ?"

"በርበሬው… ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ጣሪያው ነው።"

እጇ ከመልቀም አላቆመም። "አውቃለሁ። አምስቱ ጆንያ ደረቅ ነው። ሁለቱም በአንድ ጎን ብቻ ነው የረጠቡት። ውሃ የሚያጠጣ ሰው ግማሹን ያጠጣል?"

"እተካልሻለሁ። ሁለት ጆንያ ከራሴ—"

"እትዬ አስካለ፣ ለኔ አይንገሩኝ። እኔ አውቀዋለሁ።" ወደ አግዳሚው በአገጯ አመለከተች። "ለነሱ ይንገሩ።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለሽማግሌዎቹ የመናገር ሐሳብ እንዳልነበረኝ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ለብቻዋ ነግሬ፣ እሷ "ሰው ይሳሳታል" ብላ፣ ነገሩ በሁለታችን መካከል የሚያልቅ መስሎኝ ነበር የመጣሁት። ወደ አግዳሚው የሄድኩት ሌላ የምሄድበት ስላልነበረ ነው።

"ሐጂ፣ ላቋርጣችሁ" አልኩ። "ሙኒራ ውሃ አላጠጣችም። የኔ ጣሪያ ነው ያፈሰሰው። አምስቱ ጆንያ ደረቅ ነው፤ ሄዳችሁ እዩት። በሰው ፊት የከሰስኳት እኔ ነኝ፣ በሰው ፊት የምመልሰውም እኔ ነኝ።"

ጀማል ሳቀ። "ተስማምታችሁ ነው የመጣችሁት?"

"ዝም በል" አሉት ሐጂ ኑሬ። "መጋዘን ያላት ሴት ጣሪያዬ ያፈሳል ብላ በሐሰት ትናገራለች? ምን ልትጠቀም?"

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው በርበሬውን አዩ፣ እጃቸውን አስገቡ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ሙኒራ ግን ከሰሌኑ ተነሥታ መጣች። እጇ በበርበሬ ቀልቷል።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች።

"ጠይቂኝ።"

"መቼ አወቁ?"

ድምፅዋ አልከረረም። እንደ ተራ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። ከድር ከኔ ሁለት ክንድ ርቆ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ።

"ዛሬ ጠዋት" አልኩ።

"ዛሬ ጠዋት?"

"ሌሊት ዘንቦ ነበር። ጠዋት ስከፍት አየሁት። ወዲያው መጣሁ።"

ከድር መሬት መሬት አየ። ሙኒራ ለጥቂት ጊዜ አየችኝ፣ ቀጥሎ እሱን አየችው፣ ከዚያ ተመልሳ ሰሌኗ ላይ ተቀመጠች።

ሐጂ ኑሬ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ባየችበት ሰዓት፣ ሳትውል ሳታድር፣ ለስሟ ሳትሳሳ መጣች አሉ። ያን ምርቃት ቆሜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ "አሜን" እያልኩ ተቀበልኩ። ማሳው ለሙኒራ ቀረ።

ስንመለስ መንገዱ ግማሽ ላይ ከድር፣ "እትዬ፣ ምስማሩን የመታሁት ረቡዕ ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"እሺ።"

ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም።

የፈራሁት ነገር አልደረሰም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ሆነ። ወሬው በየገበያው ዞረ፤ "አስካለ የራሷን ጣሪያ በራሷ አፍ ተናገረች" ተባለ። በቀጣዩ ዓመት አዲስ ሰዎች በርበሬያቸውን ይዘው መጡ፤ ቦታ ጠበበኝ። ሠላሳ የነበረው ቤተሰብ አርባ አለፈ። መጋዘኔ ዛሬ ያለውን ስም ያገኘው ከዚያች ቅዳሜ ነው። በሰው ስም ላይ ያደረስኩት ጉዳት ለኔ ስም ሆኖ ተመለሰ።

እናንተ የምታነቡ፣ ታዲያ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ሥራዬ ተለውጧል። ማንም ሰው ጆንያውን ከመደርደሩ በፊት መሰላል አቁሜ ጣሪያውን በዓይኑ እንዲያይ አደርጋለሁ። የረጠበ ጆንያ ሲገኝ በሩን ዘግቼ፣ ባለቤቱንና ከድርን ብቻ አቁሜ ሰባቱም ሆነ አሥሩ ተከፍቶ እንዲታይ አደርጋለሁ። ከደጅ ጆንያ ማስቀመጥ በኔ መጋዘን ቀርቷል። እነዚህን ነገሮች ሰው ሲያደንቅልኝ አልቀበልም፤ አለመቀበሌንም እንደ ትሕትና ይቆጥሩልኛል። በጆሮዬ መለየትም ትቻለሁ። ጆሮዬ አሁንም ደህና ነው፤ የማላምነው ራሴን ነው።

ሙኒራ በቀጣዩ ታኅሣሥ መጣች። ትቀራለች ብዬ ነበር። ስምንት ጆንያ ነው፣ በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል። ከድር አንዱን ተሸክሞ ወደ ጥጉ ሲሄድ፣

"እዚያ አይደለም" አለችው። "በር አጠገብ አድርግልኝ። ከደጅ ሆኜ የማየው ቦታ።"

ቆርቆሮው በሙሉ ተቀይሯል፣ መሰላሉም ቆሟል ልላት አሰብኩ። ምን እንደምትመልስልኝ ስላወቅሁ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ሁሌ በር አጠገብ ነው የምታስቀምጠው። በአክብሮት ሰላም ትለኛለች፣ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች። ሀያት ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ጨርሳለች።

የሸምሱ ጥግ ባዶ ነው። ቦታ የጠበበው ሰው፣ "እዚያ ለምን አናደርገውም?" ሲለኝ፣ "እርጥበት አለው" እላለሁ። የለውም። ከመጋዘኑ ሁሉ ደረቁ ቦታ እሱ ነው።

ሙኒራ፣ ይህን ሀያት ታነብልሽ ይሆናል። መቼ አወቁ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ማክሰኞ ነው። አንቺ ክሩን ጣትሽ ላይ ጠቅልለሽ በሄድሽበት በዚያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። ምስማሩ እንደለቀቀ ደግሞ ከነሐሴ ጀምሮ አውቅ ነበር።